ተርቦኤክስፕረስ የጃፓን ካርዶችን እንዲያነብ የማድረግ ሥራ

የጃፓኑ ኩባንያ ኤንኢሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው ተርቦኤክስፕረስ በዘመኑ ከነበሩት በእጅ ከሚያዙ የጌም ኮንሶሎች የሚለየው ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ ጌም የማያስፈልገው በመሆኑ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ተርቦግራፍክስ-16 የሚያነባቸውን ሁካርድ የተባሉ ስስ ካርዶች እሱም እንዳሉ ይቀበላል፤ ልዩነቱ ምስሉ በ2.6 ኢንች ስክሪን ላይ መታየቱና ኃይሉን ከስድስት ባትሪ ድንጋዮች ማግኘቱ ነው። በጃፓን ይኸው መሣሪያ ፒሲ ኢንጂን ጂቲ በሚል ስም ተሽጧል። ሁለቱ በመልክም በሥራም መንትያ ቢሆኑም የአሜሪካው የጃፓኑን ካርድ፣ የጃፓኑም የአሜሪካውን አያነብም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ካርዶች በቁጥር እጅግ ስለሚበልጡ፣ እንደ ግራዲየስ፣ ሳላማንደርና ፓሮዲየስ ያሉት ምርጥ የተኩስ ጌሞችም በሁካርድ የወጡት በጃፓን ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦኤክስፕረስ የገዛ ሰው መሣሪያው ሊያጫውተው ከሚችለው ነገር የሚያገኘው ትንሹን ክፍል ነው።

ይህ መመሪያ የአሜሪካው ተርቦኤክስፕረስ የሁለቱንም አገሮች ካርዶች በአንድ ስዊች እየመረጠ እንዲያነብ የማድረግን ሥራ ያስረዳል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የጃፓኑ ጂቲ ባለቤት ምን መጨመር እንዳለበት ይገልጻል። ሥራው ጥሩ የሶልደር ልምድ ይጠይቃል፤ ጥቃቅን የአይሲ (የቺፕ) እግሮችን ሶልደር አድርጎ የማያውቅ ሰው በተበላሸ የሬዲዮ ወይም የኮምፒውተር ቦርድ ላይ አስቀድሞ ቢለማመድ ይሻለዋል። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት መሣሪያውን የሚያድነውም የሚገድለውም ሶልደሩ አይደለም። በቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅና ከመቁረጥ በፊት በልኬት ማረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ክልከላው የተሠራበት መንገድ

ሁካርድ 38 የመገናኛ ነጥቦች አሉት። የአሜሪካና የጃፓን ካርዶች በመጠንም፣ በኃይል መስመርም፣ በአድራሻ መስመሮችም አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያዩት የካርዱ ይዘት ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያልፍባቸው ስምንቱ የዳታ መስመሮች በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በጃፓኑ ካርድ ከዜሮ እስከ ሰባት የሚሄደው ተራ በአሜሪካው ከሰባት ወደ ዜሮ ይሄዳል። ካርዱ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ለሁለቱም የሚሆን ሆኖ ሳለ፣ የተሳሳተ ካርድ ሲገባ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ባይት ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል።

ምን እንደሚፈጠር በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁሲ6280 የተባለው ፕሮሰሰር ከ65ሲ02 ቤተሰብ የተገኘ ስለሆነ፣ በሁለትዮሽ ሲጻፍ 10101001 የሆነውን ባይት «ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ወደ አኩሙሌተር (ፕሮሰሰሩ ቁጥር ወደሚይዝበት ቦታ) ጫን» ብሎ ይረዳዋል። ይህ ባይት ሲገለበጥ 10010101 ይሆናል፤ ትርጉሙም «አኩሙሌተር ውስጥ ያለውን ወደ ሜሞሪ ጻፍ» የሚል ፍጹም ሌላ ትእዛዝ ነው። እንዲያውም ነገሩ እዚህ ድረስ አይደርስም፤ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ሥራ የሚጀምርበትን አድራሻ የሚያገኘው ከካርዱ ስለሆነ፣ አድራሻው ራሱ ተገልብጦ ሲመጣ ከመጀመሪያው እርምጃ ይስታል። ተጠቃሚው የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው። ኃይልና ግራውንድ (የኃይሉ አሉታዊ መስመር) በቦታቸው ስላሉ ግን የተሳሳተ ካርድ ማስገባት መሣሪያውንም ካርዱንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ከሥራው በፊትም ሆነ በኋላ ሳይሰጉ መሞከር ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ አጥር አለ። ፕሮሰሰሩ የመጫወቻ ቁልፎችን ከሚያነብበት ወደብ አንዱ ቢት፣ ማለትም ስድስተኛው፣ የአገር ምልክት ነው። በአሜሪካው መሣሪያ ወደ ግራውንድ የታሰረ ሲሆን በጃፓኑ ከፍ ብሎ፣ ማለትም 5 ቮልት ላይ ሆኖ፣ ይገኛል። የአሜሪካ ካርዶች ሲነሱ ይህን ቢት አይተው ካልተስማማቸው አይቀጥሉም፤ የጃፓን ካርዶች ግን በጥቅሉ አይመለከቱትም። ተርቦኤክስፕረስ ያለው ሰው ሥራው የሚቀልለት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያስፈልገው የዳታ መስመሮቹን መገልበጥ ብቻ ነው።

ካርድና ኮንሶል መሐል ገብተው መስመሮቹን የሚገለብጡ መለወጫዎችም መኖራቸውን መናገር ተገቢ ነው። ከማስገቢያው ወጥተው የሚንጠለጠሉ በመሆናቸው በኪስ ለሚያዝ መሣሪያ አይመቹም፤ ነገር ግን ቤት ቁጭ ብሎ ለሚጫወትና ያረጀ ቦርዱን መንካት ለማይፈልግ ሰው ከቀዶ ጥገናው ይልቅ እነሱን እመክራለሁ።

መዘጋጀት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሙቀቱ የሚስተካከልና ጫፉ የቀጠነ ሶልደሪንግ አይረን፣ ቀጭን ሊድ፣ ፍላክስ፣ ሊድ መምጠጫ፣ ኮንቲኒዩቲን (ሁለት ነጥቦች መገናኘታቸውን) በድምፅ የሚያሳውቅ መልቲ ሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ፣ ስለታም የቀዶ ጥገና ምላጭ፣ አጉሊ መነጽር፣ ንጹሕ አልኮልና ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ቴፕ ናቸው። ለመገልበጡ ሥራ 74ሲቢቲ3383 የተባለው ባለ 24 እግር አይሲ፣ አንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ትንሽ ባለ ሁለት ቦታ ስዊችና 30 ጌጅ የሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃል።

መሣሪያውን ለሙከራ ሲያበሩ በባትሪ ድንጋይ ይጠቀሙ። የአሜሪካው የኃይል መለወጫ የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ፣ ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ኮንሶሉን ከነመለወጫው ያስመጣ ሰው አዲስ አበባ ባለው የ220 ቮልት ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካው ሥራው ሳይጀመር ያልቃል።

ከመክፈትዎ በፊት በአሜሪካ ካርድ አብርተው ምስሉን፣ ድምፁንና ሁሉንም ቁልፎች ይፈትሹ። ቀድሞ የነበረ ችግር ካለ በኋላ ከራስዎ ሥራ ጋር ይምታታብዎታል። በተለይ ድምፁ የደከመ ወይም ጨርሶ የጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በቦርዱ ላይ ያሉት የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ማርጀትና ማፍሰስ ነው፤ ይህ የተርቦኤክስፕረስ የታወቀ በሽታ ነው። የፈሰሰው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮችን ይበላል፤ ስለሆነም ካፓሲተሮቹን መቀየርና ሥሩን በአልኮል ማጽዳት የአገር ክልከላውን ከማንሳቱ ሥራ መቅደም አለበት። በበሰበሰ ቦርድ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ ዕድሜ አይኖረውም።

ባትሪዎቹን አውጥተው ሽፋኑን ሲከፍቱ፣ ሁለቱን ግማሾች በአንድ ጊዜ ከመሳብ ይልቅ በቀስታ ያላቅቋቸው፤ ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ስስ ኬብሎች አንዴ ከተቀደዱ ምትካቸውን ማግኘት አድካሚ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የስክሪኑ መብራት በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ የፍሎረሰንት ቱቦ ስለሆነ፣ ክፍት በሆነ መሣሪያ ላይ ኃይል እያለ የመብራቱን ክፍል በጣትም ሆነ በብረት አይንኩ።

መቁረጫውን ቦታ መለየት

እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። የዳታ መስመሮቹ ከካርዱ ማስገቢያ ተነስተው ወደ ፕሮሰሰሩ ብቻ አይሄዱም። ያው ስምንት መስመር ወደ ሥራ ራሙም፣ ምስሉን ወደሚሠሩት ቺፖችም ይደርሳል። መስመሩን ፕሮሰሰሩ አጠገብ ቆርጦ የሚገለብጥ ሰው ካርዱን ብቻ ሳይሆን ለምስል ቺፖቹ የሚላከውን ትእዛዝ ሁሉ ይገለብጠዋል። በዚህ ጊዜ ካርዱ ትክክል ይነበባል፣ ራሙም ገልብጦ የጻፈውን ገልብጦ ስለሚያነብ ምንም አይሆንም፣ ምስሉ ግን አይወጣም፤ ጥፋቱን መፈለጉም ብዙ ያስቸግራል። ስለዚህ መቆራረጡ መደረግ ያለበት ከማስገቢያው እግር እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ባለው አጭር ርቀት ላይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የማስገቢያውን እግሮች ይቁጠሩ። የዳታ መስመሮቹ ያሉት በ15፣ 16፣ 17፣ 19፣ 20፣ 21፣ 22 እና 23 ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው 18ኛው ግራውንድ ነው። ከየትኛው ጫፍ መቁጠር እንደሚጀመር ለማወቅ መልቲ ሜትሩን ኮንቲኒዩቲ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የባትሪው አሉታዊ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ከአንድ ወገን በተቆጠረው 18ኛ እግር ላይ ያስቀምጡ። ድምፅ ከሰጠ ትክክለኛውን ጫፍ ይዘዋል፤ ድምፁ የሚሰማው በ21ኛው ላይ ከሆነ ግን የቆጠሩት ከተቃራኒው ወገን ነው። 38ኛው እግር የ5 ቮልት መስመር ስለሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይሆናል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን የዳታ እግር ከፕሮሰሰሩ፣ ከራሙና ከምስል ቺፑ እግሮች ጋር እየለኩ የት የት እንደሚደርስ በወረቀት ላይ ይጻፉ። በአሜሪካው መሣሪያ 15ኛው እግር የፕሮሰሰሩን ሰባተኛ ዳታ፣ 16ኛው ስድስተኛውን፣ 17ኛው አምስተኛውን፣ 19ኛው አራተኛውን መስጠት አለበት፤ በዚሁ ሁኔታ እየወረደ 23ኛው ዜሮውን ይሰጣል። ውጤቱ ከዚህ ከተለየ ቆጠራዎ ስህተት አለበት፣ ወይም መሣሪያው ቀደም ሲል በሌላ ሰው ተነካክቷል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ፊት መሄድ አይገባም።

ከዚያ መስመሮቹን በአጉሊ መነጽር ከእግሩ ጀምረው ይከተሉ። ቦርዱ በሁለቱም ፊቱ መዳብ ስላለው፣ ከእግሩ ሥር በሌላው ፊት የሚወጣ መስመር ሊኖር ይችላል። ከላይ ያለውን ቆርጠው ከታች ያለውን ከረሱ መስመሩ አልተቆረጠም ማለት ነው። መስመሩ ከእግሩ በሁለት አቅጣጫ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱንም መቁረጥና በኋላ የተለያዩትን ጫፎች በሽቦ መልሶ ማገናኘት ይጠይቃል፤ ይህ ሲሆን መዳቡን ከመቁረጥ ይልቅ የማስገቢያውን እግር ሊድ አጽድቶ ከቦርዱ ማላቀቅ የተሻለ ንጹሕ ሥራ ነው። ለመቁረጥ የወሰነ ሰው ምላጩን በመስመሩ ላይ ሁለት ቦታ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ በቀስታ ደጋግሞ ይሳብና በመካከል ያለችውን የመዳብ ቁራጭ ያንሳት። በአንድ ጊዜ በኃይል መጫን ምላጩ አንሸራቶ ጎረቤቱን መስመር እንዲቆርጥ ያደርጋል።

ስምንቱም ከተቆረጡ በኋላ እያንዳንዱ እግር ከፕሮሰሰሩ ጋር ድምፅ አለመስጠቱን፣ ፕሮሰሰሩ ግን ከራሙና ከምስል ቺፑ ጋር እንደበፊቱ መገናኘቱን ይለኩ። የመጀመሪያው ድምፅ ከሰጠ ያልተቆረጠ ነገር አለ፤ ሁለተኛው ዝም ካለ ያለ ቦታው የተቆረጠ መስመር አለና አሁኑኑ በሽቦ መጠገን አለበት።

አይሲውን ማስገባት

በድሮ ጊዜ ይህ ሥራ የሚሠራው በትልልቅ ባለ ብዙ መስመር ሜካኒካል ስዊቾች ነበር። ቴሌቪዥን ላይ በሚሰካ ኮንሶል ውስጥ ይህ አይከብድም፤ በተርቦኤክስፕረስ ሽፋን ውስጥ ግን ቦታም የለም፣ ስምንት የዳታ መስመሮችን እስከ ስዊቹ ወስዶ መመለስም ሽቦውን ያስረዝማል። ፕሮሰሰሩ በ7.16 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ስለሆነ አጭር መንገድ ሁልጊዜ ይመረጣል።

74ሲቢቲ3383 ለዚህ ሥራ የታሰበ እስኪመስል ድረስ ይስማማል። በውስጡ አምስት ጥንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት መስመሮችን ይቀበልና በመቆጣጠሪያ እግሩ ትእዛዝ መሠረት ወይ ቀጥ አድርጎ ወይ አቀያይሮ ያሳልፋቸዋል። እኛ የምንፈልገው ዜሮን ከሰባት፣ አንድን ከስድስት፣ ሁለትን ከአምስት፣ ሦስትን ከአራት ማቀያየር ስለሆነ አራት ጥንድ ይበቃል። ሌላው ጥቅሙ ምልክቱን በሁለቱም አቅጣጫ ማሳለፉ ነው። አንዳንድ ሁካርዶች በውስጣቸው ራም ስላላቸው ፕሮሰሰሩ ወደ ካርዱም ይጽፋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በፈር ያስገባ ሰው እነዚያን ካርዶች ያጣል።

የአይሲውን የእግር አቀማመጥ ከአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ አውጥተው ጥንዶቹን እንዲህ ያገናኙ። በአንደኛው ጥንድ የካርድ ወገን ላይ የማስገቢያውን 15ኛና 23ኛ እግር፣ በቦርዱ ወገን ላይ ቀድሞ ከእነዚሁ ጋር ተገናኝተው የነበሩትን ሁለት የተቆረጡ መስመሮች ያስገቡ። በሁለተኛው ጥንድ 16 እና 22፣ በሦስተኛው 17 እና 21፣ በአራተኛው 19 እና 20 በተመሳሳይ ሁኔታ ይገባሉ። አገናኙ ትክክል ከሆነ መቆጣጠሪያው ዝቅ ሲል ሁሉም እንደ ፋብሪካው፣ ማለትም እንደ አሜሪካው ይሆናል፤ ከፍ ሲል ደግሞ እንደ ጃፓኑ ይገለበጣል። አምስተኛው ጥንድ ባዶ ይቀመጣል። የአይሲው ማንቂያ እግር ዝቅ ሲል ስለሚሠራ ከግራውንድ ጋር ለዘለቄታው ይታሰር። የኃይል እግሩን ከ5 ቮልት መስመር ያገናኙና 0.1 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር በኃይልና በግራውንድ እግሮች መካከል፣ ከአይሲው ሳይርቅ ያስቀምጡ።

አይሲውን ለመትከል ከማስገቢያው አጠገብ ያለ፣ ሽፋኑ ሲዘጋ የማይነካ ጠፍጣፋ ቦታ ይምረጡ፤ ከሥሩ ማሸጊያ ቴፕ ያንጥፉ። በአይረኑ ሙቀት ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይሥሩ፤ በአንድ እግር ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆዩ። ያረጀ ቦርድ መዳቡን በቀላሉ ይለቃል። አንድ ጥንድ ባገናኙ ቁጥር ይለኩ፤ ስምንቱን ጨርሶ አንዴ መለካት ስህተቱ የት እንዳለ አይነግርም።

ስዊቹ

ወደ ሽፋኑ የሚሄደው አንድ መቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ስለሆነ ትንሿ ስዊች ትበቃለች። የመቆጣጠሪያውን እግር በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያስሩ፤ ስዊቹ ሲዘጋ ያን እግር ከ5 ቮልት ጋር ያገናኘው። እንዲህ ሲሆን የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ እንኳ መሣሪያው ወደ አሜሪካው አቀማመጥ ይመለሳል እንጂ አይሞትም። ስዊቹን ለማውጣት ሽፋኑን መብሳት ግዴታ አይደለም፤ እኔ በዚህ ዕድሜ ያለን መሣሪያ ከመብሳት ይልቅ በባትሪ ቤቱ ውስጥ ክዳኑ ሲከፈት የሚደረስበት ቦታ መፈለግን እመርጣለሁ። ስዊቹ መቀየር ያለበት መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ነው፤ ጌም እየሄደ ቢነካ ፕሮሰሰሩ በመሐል ስለሚስት ጌሙ ይቆማል።

መሞከር

ባትሪ ከማስገባትዎ በፊት በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል፣ እንዲሁም ጎን ለጎን ባሉ የአይሲው እግሮች መካከል ሾርት አለመኖሩን ይለኩ። ከዚያ ስዊቹን ወደ አሜሪካ አድርገው በአሜሪካ ካርድ ያብሩ። ይህ ከሠራ ስዊቹን ቀይረው የጃፓኑን ያስገቡ። የአሜሪካው ሠርቶ የጃፓኑ ጥቁር ከሆነ አንዱ ጥንድ በስህተት ተጣምሯል ወይም የመቆጣጠሪያው እግር ከፍ አላለም፤ በመጀመሪያ በዚያ እግር ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። ሁለቱም ጥቁር ከሆኑ አንድ መስመር አልተገናኘም፤ ወደ ልኬት ወረቀትዎ ይመለሱና ስምንቱን ከካርድ እግር እስከ ፕሮሰሰር እየለኩ ይውረዱ። በአይሲው በኩል የሚደረገው ልኬት ኃይል በሌለበት ላይነበብ ስለሚችል፣ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ እስከ አይሲው እግር ድረስ ይለኩ። ምስሉ መጥቶ ቀለሙ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ የካርዱን ነጥቦች በአልኮል ያጽዱ፤ የአድራሻ መስመር በቆሻሻ ሲቋረጥ እንዲህ ያለ ምልክት ይሰጣል።

ሱፐርግራፍክስ ለተባለው የፒሲ ኢንጂን የተሻሻለ ሞዴል ብቻ የተሠሩት ጥቂት ካርዶች ተጨማሪ የምስል ቺፕ ስለሚጠይቁ በዚህ ሥራ አይነሱም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ባለ ስድስት ቁልፍ መጫወቻን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ፣ ሁለት የመምቻ ቁልፍ ባለው መሣሪያ ላይ እንደ ልብ አይጫወትም።

ፒሲ ኢንጂን ጂቲ ላለው ሰው

ጂቲ ላይ ጥንዶቹ በተቃራኒው ይገናኛሉ፤ መቆጣጠሪያው ዝቅ ሲል የተገለበጠውን፣ ከፍ ሲል የፋብሪካውን ተራ እንዲሰጥ፣ በቦርዱ ወገን ያሉትን ሁለት መስመሮች በየጥንዱ ማቀያየር ነው። እንዲህ የማደርገው የአገር ምልክቱ ቢትም ለአሜሪካ ካርድ ዝቅ፣ ለጃፓን ከፍ ማለት ስላለበት አንዱ መቆጣጠሪያ መስመር ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ነው። ቢቱ በፕሮሰሰሩ የእግር ሠንጠረዥ ላይ ኬ6 የሚባለው መግቢያ ነው። በቀጥታ ወደ ግራውንድ ከማሰርዎ በፊት በዚህ እግርና በ5 ቮልት መስመር መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩ። ብዙ ሺህ ኦም ካሳየ በሬዚስተር የተያዘ ስለሆነ የመቆጣጠሪያውን መስመር በቀጥታ መቀበል ይችላል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ግን ከ5 ቮልት ጋር በመዳብ የተገናኘ ነው፤ ሳይለያይ ወደ ግራውንድ ከታሰረ የኃይል ክፍሉን ያቃጥላል፤ ስለዚህ እግሩ መጀመሪያ ከቦርዱ በጥንቃቄ መነሳት አለበት። በጂቲ ላይ ስዊቹ መቆጣጠሪያውን ወደ ግራውንድ የሚያገናኝ፣ 10 ኪሎ ኦሙም ወደ 5 ቮልት የሚስብ ይሁን፤ ስዊቹ ክፍት ሲሆን መሣሪያው በፋብሪካ እንደወጣው የጃፓን ካርዶችን ያነባል።